ሴራሚክም ይመረቅዛል፦ ስለ ሰው ሠራሽ ዳሌ ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ከድሬዳዋ ከዚራ እስከ ሐረር ሸዋ በር ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ዳሌያቸውን በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ለማስቀየር ቀጠሮ ለያዙ ሰዎችና ለቤተሰቦቻቸው የተጻፈ ነው። ጭብጡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ከኦፕራሲዮን በኋላ ዳሌ የሚመረቅዘው በገባው ዕቃ የተነሳ ነው፤ ብረት ያስመረቅዛል፣ ሴራሚክ አያስመረቅዝም፤ ስለዚህ ቤተሰብ ያለውን ሸጦም ቢሆን ሴራሚክ ይግዛ። ይህንኑ በስድስት ነጥብ ከፋፍሎ ያስረዳል።

ጸሐፊው አንድ ነገር በትክክል አይተዋል፤ ዕቃ ከዕቃ ይለያል። ልዩነቱ ስንት እንደሆነ ግን አልነገሩንም፤ ከሌሎቹ የኢንፌክሽን በሮች ጋርም አላስተያዩትም። ገንዘቡ ውስን የሆነ ቤተሰብ ሊያውቅ የሚገባው ደግሞ ይህንኑ ነው።

ወደ ነጥቦቹ ከመግባታችን በፊት ዕቃውን በስሙ እንጥራው። ጽሑፉ «ብረት ዳሌ» እና «ሴራሚክ ዳሌ» እያለ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ሁለት ዓይነት ሙሉ ዳሌ የተቀመጠ ያስመስላል። ሰው ሠራሽ ዳሌ አብዛኛውን ጊዜ አራት ክፍል አለው፤ ጭን አጥንት ውስጥ የሚሰካው ዘንግ፣ ዘንጉ አናት ላይ የሚቀመጠው ኳስ፣ ዳሌ አጥንት ውስጥ የሚገባው ኩባያ፣ በኩባያውና በኳሱ መካከል ያለው ገበር። ዘንጉ ያለ ሲሚንቶ (ዕቃውን ከአጥንት የሚያያይዝ የሕክምና ማጣበቂያ) የሚገባ ከሆነ ከቲታኒየም ቅይጥ፣ በሲሚንቶ የሚገባ ከሆነ ከኮባልት ክሮም ወይም ከማይዝግ ብረት ይሠራል። ኩባያው ቲታኒየም ይሆናል፤ አለዚያም ሁለንተናው ፖሊኢትሊን ፕላስቲክ ሆኖ በሲሚንቶ ይጣበቃል። ሴራሚክ የሚሆነው ኳሱ ነው፤ ብዙ ጊዜ 28፣ 32 ወይም 36 ሚሊ ሜትር የሆነው ያ ድቡልቡል። አልፎ አልፎ ገበሩም ሴራሚክ ይሆናል። እንግዲህ «ሴራሚክ አስገባሁ» የሚል ሰው አጥንቱ ውስጥ የተሰካው ዘንግ ያው ብረት ነው። ጽሑፉ በብረት ሲያስፈራራ ሴራሚክ የገዛውንም አብሮ አስፈራርቷል።

«ሴራሚክ ላይ ጀርም አይጣበቅም»

ይጣበቃል። ወደ ሰውነት የገባ ማንኛውም ባዕድ ነገር፣ ሴራሚክም ይሁን ብረት ወይም ፕላስቲክ፣ ደምና የሰውነት ፈሳሽ እንደነካው በፕሮቲን ይለበጣል። አልቡሚን፣ ፋይብሪኖጅንና ፋይብሮኔክቲን የሚባሉት ፕሮቲኖች ናቸው ቀድመው የሚያርፉበት። ዳሌን በብዛት የሚያስመረቅዙት የስታፊሎኮከስ ዝርያዎች ደግሞ እነዚህን ፕሮቲኖች የሚይዙበት መንጠቆ በገላቸው ላይ አላቸው። ጀርሙ የሚያርፈው በፕሮቲኑ ልባስ ላይ ስለሆነ፣ ከሥሩ ያለው ሴራሚክ ይሁን ብረት ለእርሱ ሁለተኛ ጉዳይ ነው። በላቦራቶሪ ሳህን ላይ አንዱ ቁስ ከሌላው ያነሰ ጀርም ሲይዝ መታየቱ እውነት ነው። ሆኖም ሳህኑ ውስጥ ደም የለም፣ የተቆረጠ ሥጋ የለም፣ የሰውነት ተከላካይ ሴልም የለም።

ካረፈ በኋላ ያለው ሂደት በሁሉም ላይ አንድ ነው። ጀርሙ ይራባል፣ ሙጫ የመሰለ ሽፋን ያመርታል፣ በዚያ ውስጥ ይደበቃል። ባለሙያዎች ባዮፊልም ይሉታል። በደም ውስጥ የሚንሳፈፈውን ጀርም የሚገድል የመድኃኒት መጠን በዚህ ሽፋን ውስጥ ያለውን በመቶዎች ጊዜ ተባዝቶም ላይገድለው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1987 ግሪስቲና የተባለው ተመራማሪ ነገሩን በሽቅድምድም መሰለው፤ የዕቃውን ገጽ ማን ቀድሞ ይይዘዋል፣ የሰውየው ሴል ወይስ ጀርሙ? ሽቅድምድሙ የሚጀመረው ቁስሉ ገና ሳይዘጋ፣ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ነው።

ባዕድ ነገር ምን ያህል ነገሩን እንደሚለውጥ ያሳየው ግን ከዚያ የቆየ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ኤሌክና ኮነን ፈቃደኛ ሰዎች ቆዳ ላይ እንዳሳዩት፣ መግል ለማስያዝ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ስታፊሎኮከሶች ያስፈልጉ ነበር፤ አንድ የሐር ክር ስፌት ሲጨመርበት ጥቂት መቶዎች በቂ ሆኑ። እዚህ ላይ የክሩ ዓይነት ሳይሆን የክሩ መኖር ነው ሚዛኑን ያዛባው። የዳሌ ዕቃም እንዲሁ ነው። ዕቃ መግባቱ ብቻውን ሰውየውን ለጥቂት ጀርም ያጋልጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ሴራሚክ ወይስ ብረት የሚለው የሚያመጣው ልዩነት ትንሽ ነው።

ትንሽ ነው ስንል ግን የለም ማለታችን አይደለም። ጸሐፊው «የእንግሊዞች ጥናት» እያሉ ያለቁጥር የጠቀሱት ከእንግሊዝና ዌልስ የመገጣጠሚያ መዝገብ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመውን ከሆነ፣ ቁጥሩ ይህ ነው። ከ620 ሺህ በላይ የዳሌ ቅየራዎች ታይተዋል፤ በኢንፌክሽን ምክንያት ድጋሚ የተከፈቱት 2705 ናቸው። ከሺህ አምስት እንኳ አይሞላም። የሴራሚክ ኳስ ያላቸው ከብረት ኳስ ካላቸው ያነሰ ድጋሚ ተከፍተዋል። ይህ እውነት ነው፤ አንክደውም። ግን ያው ጥናት አደጋን ይጨምራሉ ብሎ የዘረዘራቸውን ጸሐፊው አልጠቀሱም፦ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ ስኳር በሽታ፣ የጉበት በሽታ፣ በአንገተ ጭን ስብራት የተነሳ የተደረገ ቅየራ፣ በጎን በኩል የሚከፈትበት የቀዶ ሕክምና መንገድ።

ጥናቱ ዕጣ እያወጣ ለአንዱ ሴራሚክ፣ ለሌላው ብረት የሰጠ አይደለም። ኳሱን የመረጠው ሐኪሙ ነው፤ ሐኪም ደግሞ ውድ የሆነውንና ረጅም ዕድሜ ያለውን ኳስ ለማን እንደሚሰጥ ይታወቃል። ተመራማሪዎቹ ዕድሜን፣ ውፍረትንና ሌላውንም ሕመም በሒሳብ አስተካክለዋል፤ በመዝገብ ላይ ያልተጻፈውን ግን ማንም ሊያስተካክል አይችልም። በዚያ ላይ የተቆጠረው ድጋሚ የተከፈተ ሰው ነው፤ መርቅዞ በክኒን ተይዞ የኖረ አልተቆጠረም።

ለሴራሚክ የሚያደላ አሳማኝ ምክንያት አለ። የኮባልት ክሮም ኳስ በዘንጉ አናት ላይ በተገጠመበት አንገት ላይ በጊዜ ብዛት ይዝጋል፣ ይፋቃል። ከዚያ የሚወጣው ብናኝ በዙሪያው ያለውን ሥጋ ያቆስላል፤ የሞተ ሥጋ ደግሞ ለጀርም ምቹ ነው። ኳሱም ገበሩም ብረት የሆኑት ዳሌዎች ላይ ይህ ነገር በገሃድ ታይቶ ነው ዛሬ ዓለም ከሞላ ጎደል የተዋቸው። ሴራሚክ ይህን ብናኝ ይቀንሳል። ስለዚህ ወጣት ሰው አቅሙ ካለው ሴራሚክ ኳስ ቢመርጥ አንቃወምም፤ እንዲያውም መፋቅን ለመቀነስ ሲባል የሚመከር ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ብረት ኳስ ከሺህ ሰው አራቱን፣ ሴራሚክ ሦስቱን ለድጋሚ ኦፕራሲዮን ይዳርጋል እንበል። አንድ ሰው ለማትረፍ አንድ ሺህ ቤተሰብ የሴራሚክ ዋጋ ይከፍላል ማለት ነው። በሌላ በኩል አንድ ቦታ መድኃኒቱ በሰዓቱ ስለማይሰጥና መሣሪያው በደንብ ስለማይቀቀል ከሺህ ሰው አርባው ይመረቅዛል እንበል። እዚያ ሴራሚክ አርባውን ሠላሳ ቢያደርገው፣ የሰዓቱና የመቀቀያው መስተካከል አርባውን ወደ አሥር ሊያወርደው ይችላል፤ ወጪውም ከአንድ ሴራሚክ ኳስ አይበልጥም።

«ቲታኒየም ከማይዝግ ብረት ይሻላል፤ ብር የተቀባው ደግሞ ከሁሉም»

የመጀመሪያው ግማሽ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ የጥንቸል ሙከራ ላይ ማይዝግ ብረት ሳህን ከቲታኒየም ሳህን በእጥፍ ገደማ መርቅዟል። ሥጋ ቲታኒየም ላይ ይጣበቃል፤ በማይዝግ ብረት ዙሪያ ግን ፈሳሽ የሚጠራቀምበት ቀጭን ክፍተት ይቀራል፣ ጀርሙም እዚያ ይዋኛል። ነገር ግን ያ የተሰበረ አጥንት የሚያያዝበት ሳህን ነው፤ በሲሚንቶ ተከቦ ጭን አጥንት ውስጥ የተቀበረ ዘንግ አይደለም። በሲሚንቶ ለሚገባ ዘንግ ቲታኒየም እንዲያውም አይመረጥም፤ ስለሚለጠጥና ስለሚፋቅ።

ብር የተቀባ ዕቃ አለ። በአጥንት ካንሰር ምክንያት ግማሽ ጭን ተቆርጦ ለሚተካላቸው ሰዎች የሚውል ትልቅ ዕቃ ነው፤ እነርሱ ላይ ኢንፌክሽን በጣም ስለሚበዛ። ለተራ የዳሌ ቅየራ ፈልጉት ማለት ሰውን ማንከራተት ነው። ታንታለም የተባለው ብረትም አንድ ሰሞን ተስፋ ተጥሎበት ነበር፤ በኋላ የታዩ ትልልቅ መዝገቦች ተስፋውን አላጸኑትም።

«ሲሚንቶ ጀርም ያራባል፤ ያለ ሲሚንቶ ካልሆነ እንቢ በሉ»

ይህ ምክር በተለይ ለሽማግሌዎችና ለባልቴቶች ጎጂ ነው። ባዶ ሲሚንቶ፣ ማለትም አንቲባዮቲክ የሌለበት፣ ያለ ሲሚንቶ ከሚገባው ዕቃ የበለጠ ኢንፌክሽን እንዳለው መዝገቦች ያሳያሉ። አንቲባዮቲክ ያለበት ሲሚንቶ ግን ልዩነቱን ያጠፋዋል። ሐሳቡ የመጣው ከሐምቡርግ ነው፤ ቡክሆልዝ የተባሉት የጀርመን ሐኪም ጀንታማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ከሲሚንቶ ጋር መቀላቀላቸውን ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1970 ነበር። የኖርዌይ መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2003 ከ22 ሺህ በላይ ዳሌዎችን አይቶ፣ ድጋሚ ኦፕራሲዮን ያነሰው በደም ሥርም በሲሚንቶም አንቲባዮቲክ የተሰጣቸው ላይ መሆኑን አሳይቷል። አንዱ ሌላውን አይተካም። አንገተ ጭናቸው የተሰበረ አረጋውያን ላይ ደግሞ በሲሚንቶ የገባ ዘንግ በዙሪያው ያለውን አጥንት የመስበር ዕድሉ ያነሰ ነው፤ እንቢ ብሎ የሄደ ሰው ያመለጠው ይህ ነው።

መጠኑ ላይ ብዙ ስህተት ስለሚፈጸም በቁጥር እናስቀምጠው። ለመከላከያ የሚሆነው በ40 ግራም የሲሚንቶ ዱቄት ከግማሽ እስከ 1 ግራም ጀንታማይሲን ነው፤ ፋብሪካ ቀላቅሎ የሚሸጠው አለ። የተመረቀዘ ዳሌ ወጥቶ ለጊዜው ለሚገባው ማቆያ ሲሆን ከ3.6 ግራም በላይ ይገባል፤ ያ ግን ሰውየውን ለዓመታት ተሸክሞ አይሄድም። ለመከላከያ ተብሎ መጠኑን መቆለል ሲሚንቶውን ያላላዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ የእንግሊዞች ሙከራ ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ ስብራት ያለባቸው ሰዎች ላይ ባለ ሁለት አንቲባዮቲክ ከፍተኛ መጠን ያለውን ሲሚንቶ ከተለመደው ጋር አወዳድሮ፣ የሚያስተማምን ልዩነት አላገኘም። ከመርፌ ብልቃጥ የተቀዳ ፈሳሽ ጀንታማይሲን ሲሚንቶ ውስጥ ማፍሰስ ደግሞ ፈጽሞ አይደረግም፤ ውሃው ሲሚንቶውን ክፉኛ ያደክመዋል። የሚገባው ዱቄት ነው፤ ሲሚንቶው ሲደርቅ ስለሚግልም ሙቀት የሚችል መሆን አለበት። ጀንታማይሲን፣ ቶብራማይሲንና ቫንኮማይሲን ይችላሉ።

ለድሬዳዋ የተለየ ማስታወሻ አለን። የአጥንት ሲሚንቶ ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይቀመጥ ተብሎ ካርቶኑ ላይ ይጻፋል። በግንቦትና በሰኔ ከተማዋ 35 ዲግሪ ስትነካ፣ መብራት በጠፋበት መጋዘን ውስጥ የዋለ ሲሚንቶ ከተለመደው ቀድሞ ይጠነክራል። ኦፕራሲዮን ክፍሉም ከሞቀ ሐኪሙ የሚሠራበት ደቂቃ ያጥራል፤ ሲጣደፍ ሲሚንቶው በአጥንቱ ውስጥ በደንብ ሳይገባ ይደርቃል፣ ክፍተት ይተዋል። ክፍሉን ከ23 ዲግሪ በታች መያዝ፣ ካልተቻለም ዱቄቱንና ፈሳሹን ከዋዜማው ጀምሮ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር መፍትሔው ነው።

«ርካሽ ዕቃ ጀርም ይዞ ይመጣል»

የትኛውም አገር የተሠራ ይሁን፣ የዳሌ ዕቃ ከፋብሪካ ሲወጣ በጋማ ጨረር ወይም በጋዝ ከጀርም ነጽቶ በድርብ ማሸጊያ ይመጣል። መታየት ያለበት ማሸጊያው አለመቀደዱ፣ አለመርጠቡና ጊዜው አለማለፉ ነው። የተከፈተ ፖሊኢትሊን ገበር እንደገና ይቀቀል ቢባል ቅርጹ ይበላሻል፤ አይቀቀልም። ጀርም የሚገባው በዕቃው ሳይሆን ዕቃውን ለማስገባት በሚያገለግሉት መሣሪያዎች ነው፤ አጥንት መፋቂያው፣ መሰርሰሪያው፣ መዶሻው፣ ጨርቁ። እነርሱ የሚቀቀሉት ደግሞ እዚሁ ነው።

እዚህ ላይ የቦታችን ከፍታ ይገባል። ብዙ የቆዩ አውቶክሌቮች (መሣሪያ በእንፋሎት የሚቀቀልባቸው ማሽኖች) የሚነበቡት በግፊት መለኪያ ነው፤ «15 ሲሞላ 121 ዲግሪ ነው» ተብሎ ተለምዷል፤ 15ቱ ፓውንድ በካሬ ኢንች ነው። ይህ በባሕር ጠለል ላይ ይሠራል። ሐረር 1885 ሜትር ገደማ፣ ድሬዳዋ 1200 ሜትር ገደማ ከባሕር ጠለል በላይ ናቸው። አየሩ ስለሚሳሳ፣ መለኪያው ሐረር ላይ 15 ሲያሳይ ውስጡ ያለው እንፋሎት 118 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ድሬዳዋ ላይ 119። ሦስት ዲግሪ ጥቂት ይመስላል፤ ጠንካራ የጀርም ዘር (ስፖር) ለመግደል ግን ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሰዋል። 15 ደቂቃ ተቀቀለ የተባለው መሣሪያ የተቀቀለው የ7 ደቂቃ ተኩል ያህል ነው። መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሐረር ላይ መለኪያው 18፣ ድሬዳዋ ላይ 17 እስኪሞላ መጠበቅ፣ ከዚያ ደቂቃ መቁጠር። ማሽኑ በራሱ ሙቀት የሚለካ ከሆነ ይህ አያሳስብም። ከጥቅሉ ውጭ የሚለጠፈው ባለመስመር ፕላስተር የሚናገረው ጥቅሉ መሞቁን ብቻ ነው፤ በጥቅሉ መሃል የሚገባው ጠቋሚ ወረቀትና በየሳምንቱ የሚፈተነው የስፖር ብልቃጥ ናቸው እውነቱን የሚናገሩት። ደም የደረቀበት መፋቂያ ሳይፈታና ሳይቦረሽ ከገባ ደግሞ የቱም ሙቀት አያድነውም፤ እንፋሎቱ ከደረቀው ደም ሥር አይደርስም።

«ዕቃው ጥሩ ከሆነ ሆስፒታሉና ዝግጅቱ ለውጥ የለውም»

ከስድስቱ ይህ ነው ያስቆጣን። የዘመናዊ ዳሌ ቅየራ አባት የሚባሉት እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሊ ራሳቸው ውድቅ አድርገውታል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ እርሳቸው ከቀየሯቸው ዳሌዎች ከመቶው ሰባት ያህሉ ይመረቅዙ ነበር። የኦፕራሲዮን ክፍሉን አየር አጸዱ፣ ላብና ትንፋሽ የሚስብ ልብስ ለበሱ፣ ጓንት ደረቡ፣ የቁስል አዘጋግ አሻሻሉ። በአሥር ዓመት ውስጥ ኢንፌክሽኑ ከመቶ አንድ በታች ወረደ። የኩባያው ፕላስቲክ በመሃል ከቴፍሎን ወደ ፖሊኢትሊን መቀየሩ እውነት ነው፤ ዘንጉና ኳሱ ግን ያው ማይዝግ ብረት ነበሩ፤ ጸሐፊው «ያስመረቅዛል» ያሉት ያው ብረት።

ይህን ስንል ውድ የአየር ማጣሪያ ይገዛ ማለታችን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ የላሚናር አየር ዘዴ (የተጣራ አየር በአንድ አቅጣጫ የሚያፈስሰው) ለመገጣጠሚያ ቅየራ ባይተከል ይሻላል ብሏል፤ በኋላ የመጡ መረጃዎች ጥቅሙን ስላላሳዩ። ዛሬ አንቲባዮቲኩ በሰዓቱ መሰጠቱ፣ የቆዳው ዝግጅትና የበሩ አለመከፈት አለመዘጋት ይበልጣሉ።

አንቲባዮቲክ፦ የተመረጠው ሴፋዞሊን ነው፤ 2 ግራም፣ ከ120 ኪሎ በላይ ለሚመዝን 3 ግራም፤ ቆዳው ከመቆረጡ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ገብቶ ማለቅ አለበት። ኦፕራሲዮኑ 4 ሰዓት ካለፈ ወይም ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ደም ከፈሰሰ ይደገማል። በአገራችን ብዙ ቦታ ሴፍትሪአክሶን ይሰጣል፤ ስታፊሎኮከስ ላይ ከሴፋዞሊን ይደክማል። ከኦፕራሲዮን በኋላ ለሳምንት ማስቀጠልም ልማድ ሆኗል፤ ይህ መከላከያውን አያጠነክርም፣ መድኃኒት የለመደ ጀርም ያፈራል እንጂ።

ቆዳ፦ ፀጉር በምላጭ አይላጭም፤ በማሽን ይቆረጣል፣ ያውም ካስፈለገ ብቻ። ምላጭ ዓይን የማያየው ጭረት ይተዋል፣ ጀርሙም እዚያ ያድራል። በዋዜማው ገላ በሳሙና ይታጠባል። ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ክሎርሄክሲዲን ባለው አልኮል ይቀባና እስኪደርቅ ሦስት ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፤ ካልደረቀ በማቃጠያው ብልጭታ እሳት ይነሳል። ወጌሻ ዘንድ ሄዶ የተበጣ፣ የተተኮሰ ወይም በማሸት የተላጠ ዳሌ ያለው ሰው ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ሳይድን አይከፈትም። ለሐኪም አለመንገር እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል፤ ማንም አይቆጣም፣ ይናገሩ።

አፍንጫ፦ ከሦስት ወይም ከአራት ሰው አንዱ አፍንጫው ውስጥ ስታፊሎኮከስ ኦውሬስን ይዞ ይኖራል። 2 በመቶ ሙፒሮሲን ቅባት በቀን ሁለቴ ለ5 ቀን።

ስኳር፦ የሦስት ወሩ የስኳር ምርመራ (ኤች.ቢ.ኤ.ዋን.ሲ) ከ8 በመቶ በታች እስኪወርድ ቀጠሮው ቢገፋ ይሻላል፤ በኦፕራሲዮኑ ቀን ደግሞ የደም ስኳር ከ200 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር መብለጥ የለበትም። ዳሌው ውስጥ የኮርቲዞን መርፌ የተወጋ ሰው ሦስት ወር ይጠብቅ።

ስለ ጫት ጽሑፉ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ በዚህ አካባቢ ተጽፎ ይህን መዝለል ይገርማል። ጫት ራሱ ዳሌ ያስመረቅዛል አንልም። አብረውት የሚመጡት ናቸው ጉዳቱ። በበርጫው ላይ የሚጨሰው ሲጋራ የቁስሉን ደም ያሳጣል፤ ቢያንስ አራት ሳምንት ቀድሞ መቆም አለበት። ጫቱ ምግብ ይዘጋል፤ ለዓመታት ምሳ የማይበላ ሰው የደም አልቡሚኑ በዴሲ ሊትር ከ3.5 ግራም በታች ሆኖ ይገኛል፣ ያ ሰው ቁስሉ ቶሎ አይገጥምም። የሚጠጣው ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ የስኳር ሕመምተኛውን ሒሳብ ያበላሻል። በኦፕራሲዮኑ ቀን መቃም ደግሞ የልብ ምትና የደም ግፊት ስለሚጨምር ሰመመን ሰጪው መቼ እንደተቃመ ሊነገረው ይገባል።

«ሰውነቱ አልተቀበለውም»

ጸሐፊው ዳሌ የሚመረቅዘው አንዳንዱ ሰው ብረት «ስለማይቀበል» ነው ይላሉ። ኩላሊት ሲተከል ሰውነት ሊገፋው ይችላል፤ ዳሌ ግን ሕያው ሥጋ ስላልሆነ እንደዚያ አይገፋም። ለኒኬል ወይም ለኮባልት አለርጂ ያለው ሰው አለ፤ ጥቂት ነው፣ መግል ግን አያፈስም። መግል ያለበት ዳሌ የገባበት ጀርም ነው። «አልተቀበለውም» የሚለው ቃል ጉዳቱ ምርመራውን ማስቆሙ ላይ ነው።

ምርመራው ይህ ነው። በደም ውስጥ መቆጣትን የሚያሳዩት ሁለት ምርመራዎች፣ ሲ.አር.ፒ ከ10 ሚሊ ግራም በሊትር በላይ፣ ኢ.ኤስ.አር በሰዓት ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ሆነው ከቆዩ፣ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ በመርፌ ይቀዳል። ፈሳሹ ውስጥ ነጭ የደም ሴል በማይክሮ ሊትር ከ3000 በላይ፣ ከእነርሱም ከ80 በመቶ በላይ ኒውትሮፊል የተባለው ዓይነት ከሆነ ኢንፌክሽን ነው ማለት ይቻላል። ይህ መለኪያ ለቆየ ዳሌ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሴሉም ሲ.አር.ፒውም በራሱ ከፍ ይላል። ዳሌው ከተከፈተ አምስት ያህል የሥጋ ናሙና ከተለያየ ቦታ፣ በተለያየ መሣሪያ ተወስዶ እስከ 14 ቀን ይዘራል፤ ከሁለቱ ናሙና አንድ ዓይነት ጀርም መውጣት አለበት። ከዚያ በፊት ባለው ሁለት ሳምንት አንቲባዮቲክ የወሰደ ሰው ጀርሙ ላይበቅል ይችላል። ከፋርማሲ ያለትዕዛዝ የተገዛው ሲፕሮፍሎክሳሲን በሽታውን ሳያድን መታወቂያውን ያጠፋዋል። ምንም ጀርም ሳይበቅል የሚያፈስ ዳሌ ላይ ቲቢም መታሰብ አለበት፤ በአገራችን የዳሌ ቲቢ ብርቅ አይደለም። የቲቢም መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን የስታፊሎኮከስን ባዮፊልም ከሚያጠቁ ጥቂት መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ ለብቻው ከተሰጠ ግን ጀርሙ በቀናት ውስጥ ይለምደዋል፣ ቲቢ ካለም የቲቢውን መድኃኒት ያበላሻል።

ጊዜው ሁሉንም ይወስናል። ከኦፕራሲዮን በኋላ አራት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የተያዘ ኢንፌክሽን ላይ ዘንጉና ኩባያው ሳይነቀሉ ቁስሉ ተከፍቶ ይታጠባል፤ ኳሱና ገበሩ ይቀየራሉ። ካለፈ ባዮፊልሙ ስለጠነከረ ሁሉም ተነቅሎ፣ በአንድ ወይም በሁለት ዙር አዲስ ይገባል። አዲስ አበባ ተሠርቶ ድሬዳዋ የተመለሰ ሰው ስለዚህ ፋሻው የረጠበበትን ቀን መቁጠር አለበት። ከአምስት ቀን በላይ ፋሻ የሚያረጥብ ቁስል ዝም አይባልም፤ በአንድ የታወቀ ጥናት ላይ ዳሌ ሲያፈስ ያደረ እያንዳንዱ ቀን የመመረቀዙን አደጋ በ42 በመቶ ጨምሯል።

እዚህ ላይ ነው የዕቃው ዓይነት የእውነት የሚያስፈልገው። ኳሱን ብቻ ለመቀየር የኳሱ ስፋት፣ የዘንጉ አንገት ልክና የገበሩ ቁጥር መታወቅ አለበት፤ ያልገጠመ ኳስ አይገባም። ሴራሚክ ኳስ የነበረው ሰው ደግሞ አንዴ ባገለገለ የዘንግ አንገት ላይ ተራ ሴራሚክ ኳስ ቢደረግለት ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ የቲታኒየም እጀታ ያለው ይፈለግለታል። ይህ ሁሉ የተጻፈው በየዕቃው ካርቶን ውስጥ በሚገኙ ትናንሽ ተለጣፊ ወረቀቶች ላይ ነው። አንዱ የሆስፒታል ካርድ ላይ ይለጠፋል፤ ሌላውን ለምነው ይውሰዱ፣ በስልክ ፎቶ አንሥተው ለሁለት ዘመድ ይላኩ፣ ወረቀቱን ከቀበሌ መታወቂያዎ ጋር ያኑሩት።